ከሥሩ አሳየኝ

«ይሄ ጀልባ ነው በረንዳ?» አለች እናቴ።

ስልኩን ከእጄ ተቀብላ፣ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። የደጋዋ መንደራችን የጮሌ የጥር ምሽት አጥንት ይነካል። በሩን ዘግተን፣ ከሰሉን ከብበን፣ በረካውን እየጠበቅን ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከሚኒሶታ በቪዲዮ ደውሏል። እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ገና ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ከጀርባው ባለው መስኮት የሚታየው ሁሉ ነጭ ነው፤ ቤቱ አጠገብ ያለው ሐይቅ በረዶ ሆኖ ረግቶ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ሙቀቱ ወራት ነው። በብርዱ ጊዜ ሻጮች ዋጋ ስለሚቀንሱ፣ ልጆቹንና ባለቤቱን ቅዳሜና እሑድ ይዞ የሚወጣበት ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ አስቧል። ሁለት አግኝቷል። ከሁለቱ አንዱን መለየት ግን አቃተው።

«አንቺ ምረጪልኝ፣ እማዬ።»

እናቴ በሕይወቷ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ቢሆንም ወንድሜ ከልቡ ነው የጠየቃት። አባታችን በሕይወት ሳለ በቅሎም ሆነ ፈረስ ያለ እሷ ዓይን አይገዛም ነበር። ገበያው ውስጥ ሰው ሁሉ ኮርቻና መጣብር ሲያደንቅ እሷ ጎንበስ ብላ ኮቴ ታያለች፤ ከዚያ ጥርስ፤ ከዚያ ትንሽ አስነድታ አረማመድ። ኮርቻ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ሻጩ ካልፈታው።

ፎቶዎቹን ደጋግማ አየቻቸው። በሁለቱም ላይ ጠፍጣፋ ወለል፣ ዙሪያውን የብረት አጥር፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ የቆዳ ሶፋዎች፣ ከላይ የሸራ ጥላ ይታያል። በርግጥም በረንዳ ይመስላሉ። አንደኛው ግራጫ፣ አጠር ያለና አሮጌ ነው። ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ሲሆን ትልቅ ሞተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ከኋላው ደግሞ ለልጆች መንሸራተቻ አለው።

«ኮርቻውን አየሁት» አለች። «ከሥሩ ምን አለ? ከሥሩ አሳየኝ።»

ወንድሜ ከሥር የተነሣ ፎቶ አልነበረውም።

የዚህ ዓይነቱ ጀልባ ፖንቱን ይባላል፤ ታሪኩም እናቴ የጠየቀችውን ጥያቄ ነው የሚመልሰው። እ.ኤ.አ. በ1951 እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሪችመንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አምብሮስ ዊርስ የሚባል ገበሬ የብረት በርሜሎችን ጫፍ ለጫፍ በይዶ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች ሠራ። ምሰሶዎቹን ጎን ለጎን አራርቆ አጋደማቸውና ከላያቸው የእንጨት ወለል አነጠፈ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰው ውሃ ላይ እንደ ቤቱ ወለል ቆሞ መሄድ ይችል ዘንድ። ዛሬ በርሜሉ በአልሙኒየም ቱቦ ተተክቷል፣ እንጨቱም ምንጣፍ ለብሷል። አሠራሩ ግን ያው የገበሬው ነው።

እኛ ቤት በርሜል የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ለእናቴ ያስረዳኋትም በእሱ ነው። አፉ በደንብ የተዘጋ ባለ 200 ሊትር ባዶ በርሜል ውሃ ላይ ብንጥል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ 200 ኪሎ ያህል ውሃ ይገፋል። የበርሜሉን የራሱን ክብደት 20 ኪሎ ያህል ብንቀንስ 180 ኪሎ ይሸከማል፤ ማለትም ሁለት ጆንያ ስንዴ ሊቀረው ትንሽ ነው። የሚሸከመው ብረቱ አይደለም። የሚሸከመው ውስጡ የታሰረው አየር ነው።

እዚህ ላይ ከእኛ ሀገር ጀልባ ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። የጣና ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ በዓባያና በጫሞ ሐይቆችም በጣም ቀላል በሆነ የውሃ ዳር እንጨት የሚሠራ ጀልባ አለ። እነዚህ የሚንሳፈፉት ራሱ የተሠሩበት ነገር ከውሃ ስለሚቀል ነው። ታንኳ ቢበሳ አይሰምጥም፤ ባለቤቱን የሚያሳስበው ደንገሉ ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። ፖንቱን ግን አንዲት የብየዳ ስንጥቅ ትበቃዋለች። አየሩ ከወጣና ውሃ ከገባ፣ ከላይ ያለው ሶፋና ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሸክም ብቻ ይሆናል። እናቴ «ከሥሩ አሳየኝ» ስትል ይህን አታውቅም ነበር፤ ግን የጠየቀችው ትክክለኛውን ነው።

ወደ ሁለቱ ጀልባዎች ልመለስ። ግራጫው 6 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን ከሥሩ ሁለት ቱቦ፣ ከኋላው 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አለው። ሰማያዊው ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ፣ ሦስት ቱቦና 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ዋጋው ከግራጫው እጥፍ ይበልጣል። የወንድሜ ልጆች ድምፃቸውን ከወዲሁ ለሰማያዊው ሰጥተዋል፤ በአየር የተነፋ ጎማ ላይ ተቀምጠው በፍጥነት መጎተት ይፈልጋሉ። ወንድሜም ልቡ ወደዚያው ያደላ ነበር፤ ምክንያቱም ሻጩ «ሦስት ከሁለት ይሻላል፣ አይገለበጥም» ብሎታል።

ይህን አባባል መመርመር ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ሸክሙን እንቁጠር። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ አንድ ቱቦ ውስጡ ወደ 1,700 ሊትር ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጡ 3.4 ቶን ይችላሉ። ጤናማ ጀልባ ግን ቱቦው ከወገቡ በታች ብቻ ውሃ ውስጥ እንዲሆን ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ 1.7 ቶንን እንደ ድንበር እንያዝ። የወለሉ፣ የቱቦውና የሶፋው ክብደት 750 ኪሎ፣ ሞተሩ 110፣ ቤንዚኑ 50 ቢሆን፣ አምስት አዋቂና አራት ሕፃናት ደግሞ 470 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ድምሩ 1.4 ቶን አይሞላም። ለዘጠኝ ሰው ሁለቱ ቱቦ ይበቃል። ለምን ወገቡ ድንበር ሆነ? ክብ ነገር የሚሰፋው ወገቡ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲሰምጥ ውሃው ላይ ያለው ስፋቱ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ቀድሞ ትንሽ ዝቅ ያደርገው የነበረው ተጨማሪ ሰው አሁን ብዙ ዝቅ ያደርገዋል።

ሚዛኑስ? በአይሱዙ ጭነት ላይ ቆሞ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ መኪናው ሲናወጥ እግሩን ያራርቃል። ፖንቱንም የሚጸናው እግሮቹ በመራራቃቸው ነው። ጀልባው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የቀኙ ቱቦ የበለጠ ይሰምጥና ወደ ላይ ይገፋል፣ የግራው ቀለል ይላል፤ ወለሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሦስተኛው ቱቦ ያለው መሀል ላይ ነው። መሀል ያለ እግር ሸክም ያግዛል፣ ትልቅ ሞተር ለመሸከም ያስችላል፣ በፍጥነት ሲታጠፍና ማዕበል ሲሰነጥቅ ይጠቅማል። ጀልባው ቆሞ ሳለ አያት ከአንዱ ሶፋ ወደ ሌላው ስትሄድ ግን ሥራውን የሚሠሩት ሁለቱ የዳር ቱቦዎች ናቸው። ሻጩ የሸጠው ፍጥነትን ነው፣ የሰየመው ግን መረጋጋት ብሎ ነው።

ፍጥነት ደግሞ ይበላል። በተለመደው የሞተረኞች ግምት፣ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም 50ው በሰዓት ወደ 19 ሊትር፣ 150ው ወደ 57 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል። ልዩነቱ በየሳምንቱ የሚከፈል ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችና፣ «እኔ ሳልወጣበት እንዴት ልፍረድ?» አለች። ዝዋይ ሐይቅ ሄደን ጀልባ ልንሳፈር ተስማማን። በማግስቱ ጠዋት ለገበያ የተዘጋጀውን የቅርጫት እንቁላል አስቀርታ ቀቀለችው፤ ጭኮም በቅቤ አሸች። ወደ ዝዋይ ልትወስደኝ ነው እንጂ ልወስዳት አይመስልም ነበር።

አሰላ ዘመድ ቤት አድረን ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። እናቴ፣ እኔና የሰባት ዓመት ልጄ። ከአሰላ በኦጎልቾ በኩል ሲወረድ ሰው አንዱን ሀገር ለቆ ሌላው ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። የስንዴና የገብስ አዝመራ የተሰበሰበበት የደጋ ማሳ ከኋላ ይቀራል፤ ግራር ይጀምራል፤ አየሩ ይሞቃል። እናቴ መጀመሪያ ጋቢዋን፣ ቀጥላ ሹራቧን አወለቀች። የጭላሎ ተራራ ከጀርባችን በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ከዚህ የተራራ ሰንሰለት የሚነሣው የቀታር ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ሁለት ዋና ወንዞች አንዱ ነው፤ ሌላው መቂ ነው። ይህን ስነግራት ደስ አላት። «እንግዲያ የእኛው ውሃ ነው» አለች።

ባቱ (ዝዋይ ከተማ) የደረስነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ዳርቻው ላይ ዓሣ አጥማጆች የሌሊቱን እየገፈፉ ነበር፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ጎበጥ ብለው ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ልጄ ከወፎቹ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። እናቴ ግን ወፍ አላየችም። ውሃውን ነው ያየችው፣ ማዶው የማይታየውን። ክንዴን ያዘች፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ደምበል ወይም ዝዋይ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ የተኛ ነው። ይህን ያህል ሰፍቶ ግን ጥልቀቱ በአብዛኛው ከሦስት ሜትር አያልፍም፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ የዋህ ይመስላል። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመታል። ለዚህ ነው ጀልባ ነጂዎች ሰው በጠዋት እንዲመጣላቸው የሚፈልጉት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል።

በዚያም ጠዋት እንደ አጋጣሚ ከፊታችን ሁለት ጀልባ ነበር። አንደኛው ረጅምና ጠባብ፣ አፍንጫው የሾለ ነው። ሌላው ሰፊ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ከላይ የቆርቆሮ ጥላ ያለው ነው። ፖንቱን አይደለም፤ ቱቦ የለውም፤ ግን ሰፊነቱ የወንድሜን ፎቶ አስታወሰን። እናቴ ወዲያው ወደ ሰፊው አመለከተች።

«እማማ፣ ደግ መርጠዋል» አለ ነጂው። «ግን ይሄኛው የጠዋት ነው። ሲነፍስ ሆዱ ውሃውን እየመታ ያንገላታዎታል። ጠባቡ ማዕበል ይሰነጥቃል፤ ሰፊው ማዕበል ላይ ይወድቃል። ቶሎ ደርሰን ከተመለስን በሰፊው እንሂድ።»

ስለ ጀልባ ምርጫ ከሰማሁት ሁሉ ይህ አጭሩና የተሟላው ነው። የትኛው ጀልባ ይሻላል ብሎ ነገር ብቻውን የለም፤ በየትኛው ውሃ፣ በስንት ሰዓት የሚለው አብሮት አለ።

የሕይወት አድን ጃኬት ሰጡን። ለልጄ የቀረበው የአዋቂ ነበር። በትከሻው ማንጠልጠያ ይዤ ወደ ላይ ሳብ ሳደርገው ጃኬቱ ወጥቶ አገጯንና ጆሮዋን ሸፈነ። ይህ ቀላል ፈተና ነው፤ ማንም ወላጅ ዳር ላይ ሆኖ ሊያደርገው ይችላል። ጃኬቱ በእጅ ሲሳብ ከአገጭ ካለፈ፣ ውሃ ውስጥ ልጁን ትቶ ብቻውን ይንሳፈፋል ማለት ነው። ልኳ የሆነ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን። ሚኒሶታ ውስጥ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ጃኬት መልበስ በሕግ ግዴታው ነው። እዚህም ቤተሰብ ራሱ ሕግ ሊሆንለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ዋና የሚችል በቤታችን አንድም ሰው የለም።

ከዳርቻው ወደ ጀልባው ለመግባት መዝለል ያስፈልግ ነበር። የእናቴ ጉልበት አይዘልም። ሁለት ጎልማሶች ደግፈው አሻገሯት፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ከፍርሃት ይልቅ ሐፍረት ነበር፣ እንደ ዕቃ መነሣቷ። ያን ጊዜ የወንድሜ ጀልባ ለምን እንደ በረንዳ እንደተሠራ ገባኝ። ፖንቱን ከመሳፈሪያው መድረክ ጋር እኩል ይቆማል፣ በሩ ተከፍቶ በእግር ይገባበታል። ጉልበቷ የደከመ አያትም ሆነች በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ ማንም ሳያነሣቸው ይገባሉ። ለእኔ ከሞተሩም ከሶፋውም የሚበልጠው ይህ ነው።

ውሃው መስተዋት ነበር። ከአምስቱ ደሴቶች ቅርብ ወደሆነው አመራን። ሩቅ ያለውን ቱሉ ጉዶን ነጂው በጣቱ አሳየን፤ እናቴ አማተበች። የዛይ ሕዝብ የኖረበት፣ በትውፊት ደግሞ የአክሱም ካህናት ከዮዲት ዘመን ጥፋት ሸሽተው ታቦተ ጽዮንን ያቆዩበት የሚባለው ደሴት እሱ ነው። ዛዮች ለዘመናት ከዋናው ምድር የተገናኙት በጀልባ ብቻ ነው፤ ለእነሱ ጀልባ የመዝናኛ ዕቃ አይደለም፣ መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ ቃሬዛም ነው።

ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸው ወደፊት ነበር። እናቴ ከፊት ተቀምጣ፣ ልጄ ከኋላዋ። በየደቂቃው ዞር ትላለች፤ አንገቷ ደከመ። «ሕፃን ከኋላ ተቀምጦ እንዴት ልብ ያርፋል?» አለች። ይህንንም ያዝኩት።

ከዚያ ጉማሬው መጣ። ከሸንበቆው ዳር ሁለት ጆሮና አፍንጫ ብቅ አሉ፣ አብረውን የተሳፈሩ ወጣቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ስልካቸውን ዘርግተው ወደ ግራ ሄዱ። ጀልባው ዘመመ። የጥላው ቆርቆሮ አብሮ አዘነበለ፣ እናቴ «ማርያም!» ብላ ልጄን ሳበቻት። ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ «ተቀመጡ! ተቀመጡ!» እያለ ጮኸ። ተቀመጡ፤ ጀልባው ተመለሰ። ሁሉም የሆነው ሁለት ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ነው።

ማንኛውም ሰፊ ጀልባ፣ ፖንቱንም ቢሆን፣ ይህ ድክመት አለበት። ሰፊ ወለል ሰው እንዲነሣ ይጋብዛል። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ አንዱ ቱቦ ከወገቡ በላይ ይሰምጣል፤ ከላይ ሰው የሚወጣበት ሁለተኛ ወለል ካለው ደግሞ ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ መዝመሙ ይብሳል። ፊት ለፊት ያለው ጫፍም የራሱ አደጋ አለው። ልጆች ከአጥሩ በር ውጭ፣ አፍንጫው ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው መቀመጥ ይወዳሉ፤ በሚሄድ ጀልባ ላይ ከዚያ የወደቀ ልጅ ወለሉ ሥር ገብቶ ወደ ፕሮፔለሩ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያገለገለ ፖንቱን የሚገዛ አባት መጀመሪያ የሚሞክረው የዚያን በር መቆለፊያ ይሁን።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ዳር ወጣን። ጭኮውን በዛፍ ጥላ በላን፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣም አዘዝን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ነጂው እንዳለው ሆነ፤ ያ መስተዋት ተሰባበረ፣ ሰፊው ጀልባ ታስሮ ቆመ፣ ጠባቡ ብቻ ይመላለስ ጀመር። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እንግዲህ የልጄ ሐይቅ ምን ያህል ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው ከእኔ ስሌት ሁሉ የበለጠ ነበር። ወንድሜ ያለበት ሐይቅ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን በእግር ሲዞሩት የግማሽ ቀን መንገድ አይሆንም። ሚኒሶታ ውስጥ ግን ሚል ላክስ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ከ530 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 13 ሜትር ያህል ነው። ዝዋይን ይመስላል፤ በነፋስም እንደ ዝዋይ ይቆጣል። ወንድሜ የሚኖረው እዚያ ዳር ቢሆን ኖሮ ሦስት ቱቦ ያለውን ግዛ እለው ነበር። ዛፍ ለከበበው ትንሽ ሐይቅ ግን ያን መግዛት ለሌላ ውሃ የተሠራ ጉልበት መግዛት ነው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስለ እኛ ሐይቆች አሰብኩ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ጣና፤ ሁሉም ዳር በበዓልና በቅዳሜ ቤተሰብ ይሰለፋል። ጠፍጣፋ ወለል ያለው፣ ከመድረክ በእግር የሚገባበት፣ ሰው ፊት ለፊት የሚተያይበት ጀልባ ለጠዋቱ ውሃ ቢበዛልን እወዳለሁ። የባቱና የአዳማ በያጆች ብየዳ አይቸግራቸውም። ግን በርሜል በይዶ ወለል ማንጠፍ ብቻ አይበቃም። ቱቦው ውስጡ በግድግዳ ተከፋፍሎ አንዱ ክፍል ቢበሳ ሌላው መያዝ አለበት፤ የሚችለው የሰው ቁጥር ጎኑ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሞተሩም ለእኛ ከፍታ መታሰብ አለበት። ዝዋይ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 83 በመቶ ያህል ነው፤ 50 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር እዚህ 41 ገደማ ነው የሚሰጠው። ጣናና ሐዋሳ ከዝዋይም ከፍ ይላሉ። ጣናን የወረረው፣ ዝዋይንም የነካው የእምቦጭ አረም ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ያ የቀረውም ጉልበት ይታነቃል፤ በሁለት ቱቦ መካከልም ይታጨቃል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በየካቲት አንድ እሑድ ምሽት፣ በዚያው ሰዓት፣ ወንድሜ ደወለ። በዚህ ጊዜ ከቤቱ አልነበረም። ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ትንፋሹ እየጨሰ፣ በሸራ የተሸፈኑ ጀልባዎች ከተደረደሩበት ግቢ ቆሟል። ሰማያዊው ጀልባ ተጎታች ላይ ተጭኖ ከፊቱ ነው። ስልኩን ይዞ ከወለሉ ሥር ተንበረከከ።

«ይኸው እማዬ፣ ከሥሩ።»

ሦስት የአልሙኒየም ቱቦዎች ጎን ለጎን። የመሀሉ ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ሆዱ ላይ የተፋቀ ረጅም መስመር ይታያል፣ አሸዋ ላይ ሲጎተት የኖረ።

«እንስራ ስትገዛ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

ወንድሜ እንስራ ገዝቶ አያውቅም፤ ግን እሷ ስትገዛ ሺህ ጊዜ አይቷል። ጓንቱን አወለቀ። በጣቱ መገጣጠሚያ የግራውን ቱቦ ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኳ ሄደ። ድምፁ ኳ ኳ ኳ እያለ ጠራ። የቀኙም እንዲሁ። ከዚያ የመሀሉን ጀመረ። ፊቱ ጥሩ ነበር። ወደ ኋላ ሲደርስ ሆዱ ላይ ድምፁ ታፈነ፣ ግንብ እንደሚመታ።

እናቴ ጆሮዋን ከስልኩ አላነሣችም። «ድገመው።» ደገመው። «እዚያ ጋ ሙሉ ነው» አለች።

ከኋላው ያለውን የውሃ ማስወጫ ቡሽ ፈታው። ምንም አልፈሰሰም። «ደረቅ ነው እማዬ» አለ፤ በድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበር። እኔ ግን ከጀርባው ያለውን ነጭ አየሁ። በዚያ ብርድ ቱቦ ውስጥ የገባ ውሃ አይፈስም፤ ረግቶ ይቀመጣል። ውሃ ሲረጋ ደግሞ አንድ አሥረኛ ያህል ያብጣል፤ የያዘውን ብየዳ ይገፋል፣ ስንጥቁን ያሰፋል። የእጅ ባትሪውን ወደ ቀዳዳው እንዲያበራ ነገርኩት። ውስጡ አብረቀረቀ።

ለረጅም ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። ሰማያዊውን ልጆቹ ምን ያህል እንደወደዱት ሁላችንም እናውቃለን። ወንድሜ ቡሹን መልሶ አጠበቀ፤ ከጉልበቱ በረዶውን አራገፈ፤ ሻጩን ሊያነጋግር ሄደ። ሻጩ ስለ ውሃው አላውቅም ነበር አለ፤ ዋጋም ቀነሰ። ወንድሜ አመስግኖ ወጣ።

ግራጫውን ያየው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ሁለቱም ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኳ ኳ ኳ አለ። አንዱ ላይ የተደፈጠጠ ቦታ አለ፣ ግን አልተሰነጠቀም። ሶፋው ተቀዷል፤ ያ ይሰፋል። የፊቱ በር መቆለፊያ ላልቷል፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አስቀየረው። ለልጆቹ በየልካቸው ጃኬት ገዛ፤ እያንዳንዱን በትከሻው ይዞ ሳብ እያደረገ።

በግንቦት፣ በረዶው ከሄደ ከሳምንታት በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። እናቴ በረካውን ልትቀዳ ነበር፤ ጀበናውን አስቀመጠች። ውሃው ሰማያዊ፣ ዛፉ አረንጓዴ ነው። ልጆቹ ሶፋው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው በአንድ ድምፅ «አያታችን!» አሉ። ጀልባው በዝግታ ይሄዳል፤ የሞተሩ ድምፅ ከልጆቹ ሳቅ አይበልጥም። የወንድሜ ባለቤት በፔርሙስ ያመጣችውን ቡና ስትቀዳ ሲኒው ጠረጴዛው ላይ አልተንሸራተተም።

እናቴ ሁሉንም አንድ በአንድ አየች። ጃኬታቸውን፣ በሩን፣ አጥሩን። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እስቲ ከሥሩ አሳየኝ» አለችው፤ ወንድሜም ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ እጁን በአጥሩ አሾልኮ ስልኩን ወደ ታች ዘረጋው፣ በሁለቱ ቱቦ መሀል ውሃው እየተከፈለ ሲያልፍ እስክታይ።